የበጉ ቀለም ሲለወጥ፦ ከፀጉሩ ጫፍ እስከ ዓይኑ ቆብ

በመንዝና በተጉለት ደጋ በግ የሚጠራው በቀለሙ ነው። ጥቁሩ፣ ዳልቻው፣ ቦቃዋ ይባላል። እረኛው ከመንጋው መሐል የሚለየው በቀለሙ ነው፤ ገበያ ላይም ዋጋው ሲቆረጥ ቀለሙ ይገባበታል። ስለዚህ ቀለም ሲለወጥ ከማንም በፊት የሚያየው ባለቤቱ ነው። የሚሳሳተውም ካየ በኋላ ነው። ጥቁሩ ቡኒ ሲል፣ የነጩ ጀርባ ሲቆሽሽ፣ የቦቃዋ ፊት ሲላጥ፣ ለሁሉም የሚሰጠው ስም «እከክ» ነው፤ ለሁሉም የሚወጋውም አይቨርሜክቲን የተባለው የጥገኛ ተባይ መድኃኒት ነው። ከእነዚህ ለውጦች ብዙዎቹ ግን እከክ አይደሉም። እከክ ከተባለውም ውስጥ ይህ መርፌ በቅጡ የማይነካው አለ። እንዲህ ሲሆን ገንዘቡ ይባክናል፣ በጉም ሳይድን ይከርማል።

ከቀለሙ በላይ የሚናገረው ቀለሙ ያረፈበት ቦታ ነው። ያው ቡናማ ቀለም ፀጉሩ ጫፍ ላይ ሲሆን ፀሐይ ነው፤ ሥሩ ላይ ሲሆን የመኖ ጉድለት ሊሆን ይችላል፤ መሐሉን በነጠብጣብ ሲያቆሽሽ ደም መጣጭ ተባይ ነው። ስለዚህ ከውጭ ወደ ውስጥ መመልከት ያስፈልጋል፦ ጫፉን፣ መሐሉን፣ ሥሩን፣ ቆዳውን፣ ቀጥሎ ፀጉር የሌለበትን ስፍራ፣ መጨረሻ ላይ የዓይኑን ቆብ ውስጥ።

ሲመለከቱ ደግሞ መዳበስ አይበቃም። በጉን በሁለት ጉልበት መሐል ያዙትና ፀሐይ ወደ ጀርባው እንዲወርድ አድርጉ። ሁለቱን መዳፎች ጎን ለጎን አሳርፋችሁ ፀጉሩን እንደ መጽሐፍ ግለጡት፤ አንድ ጋት ያህል ቆዳ በነጭ መስመር እስኪታይ ድረስ። ይህን በአንገት፣ በትከሻ፣ በጎን፣ በጀርባና ከላቱ በላይ፣ በሁለቱም ወገን አድርጉት። በገለጣችሁ ቁጥር እስከ አምስት ቁጠሩ፤ ብርሃን የሚሸሽ ተባይ የሚንቀሳቀሰው ያኔ ነው። ቀጥሎ በጉን አስቀምጡትና ብብቱን፣ ብሽሽቱን፣ የላቱን ሥር፣ የጆሮውን ውስጥና ከንፈሩን እዩ። ጤነኛ ቆዳ ከነጭ ፀጉር ሥር ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ ከጥቁር ፀጉር ሥር ደግሞ ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ ነው። ቡራቡሬ በግ ሲገለጥ ቆዳውም ቡራቡሬ ነው። ግልገል ሆኖ የነበረበት፣ ያላበጠ፣ ያልሻከረ፣ የማያሳክከው ጥቁር ነቁጥ አብሮት የተወለደ ነውና ይተው።

ከጫፉ እንጀምር። ጥቁር በግ ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ፀሐይ ጀርባው ላይ ቀይ ቡኒ ይላል። ፀጉሩ ተገልጦ ሥሩ ጥቁር ከሆነ፣ ቡኒው ያለው የላይኛው አንድ ሁለት ጣት ላይ ብቻ ከሆነ፣ ሆዱና ጉያው ደግሞ እንደ ጥንቱ ከጠቆሩ፣ የፀሐይ ሥራ ነው። ምንም መድኃኒት አያስፈልገውም። ባና የሚሠሩ ሴቶች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ የጀርባውን ፀጉር ከጉያው ለይተው የሚያስቀምጡ አሉ፤ ቀለሙ አንድ ወጥ እንዲሆን።

አዲስ የሚበቅለው ፀጉር ከሥሩ ደብዝዞ ከወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጥቁር ቀለም የሚሠራው የሰውነት ቅመም ያለ መዳብ አይሠራም። በጉ መዳብ ባጠረው ወራት የበቀለው ፀጉር ግራጫ ወይም ዝገት መሳይ ሆኖ ይወጣል፤ መዳቡ ሲመለስ ፀጉሩ እንደገና ይጠቁራል። ስለዚህ አንዲት ዘለላ ፀጉር መዝዛችሁ ወደ ብርሃን ብትይዟት እንደ ነጠላ ጥለት የነጣ መስመር አቋርጧት ታያላችሁ። ያ መስመር በየበጉ ላይ እኩል ቁመት ላይ ከሆነ መንጋው በሙሉ በአንድ ወቅት ተቸግሯል ማለት ነው። ከዚህ ጋር የፀጉሩ ጥቅልል ይላላል፤ ቀጥ ብሎ እንደ ሽቦ ያብለጨልጫል። በዚያው ዓመት የተወለዱ ግልገሎች የኋላ እግራቸው ከተብረከረከ ወይም ከተጎተተ ጥርጣሬው ይበረታል። መዳብ የሚያንሰው ሁልጊዜ ሣሩ ውስጥ ስለሌለ አይደለም። ሞሊብዲነም የተባለው ማዕድንና ድኝ የበዛበት ግጦሽ፣ ወይም በጉ ከአጭር ሣር ጋር አብሮ የሚበላው ብረት የበዛበት አፈር፣ ያለውን መዳብ ሆድ ውስጥ አስሮ ያስቀረዋል።

እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ የምለው አለ፦ በራሳችሁ እጅ መዳብ አትስጡ። በግ ከቤት እንስሳት ሁሉ በመዳብ ቶሎ የሚመረዝ ነው። ጉበቱ መዳብን ያከማቻል እንጂ እንደ ከብት በቀላሉ አያስወግድም። ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ጤነኛ መስሎ ይቆይና፣ ብርድ ወይም ረጅም ጉዞ ወይም ረኃብ ሲያገኘው የተከማቸው በአንዴ ወደ ደም ይለቀቃል። ቀይ የደም ሴሎች ይፈራርሳሉ። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ይሆናል፤ ሽንቱ እንደ ቡና አተላ ይጠቁራል፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይሞታል። መንገዱ ብዙ ነው፦ ለዶሮ የተዘጋጀ መኖ፣ ለከብት የተሠራ የማዕድን ጨው፣ የዶሮ ኩስ የተቀላቀለበት መኖ፣ ለእግር መንከሪያ ተዘጋጅቶ ሳይደፋ የቀረ የኮፐር ሰልፌት ውሃ። ለበግ ተብሎ የተሠራ የማዕድን ጨው ካልሆነ ተራ አሞሌ ይሻላል።

ወደ ፀጉሩ መሐል ስንገባ የሰሜን ሸዋ ደጋ ዋናው ጉዳይ ይመጣል። ነጭ ወይም ዳልቻ በግ አንገቱና ጎኑ ላይ ቡናማ፣ አንዳንዴ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነጠብጣብ ይዞ ከታየና በውሃ ሲታጠብ አልለቅ ካለ፣ ጭቃ አይደለም። ጭቃ ታጥቦ ይሄዳል። ያ የበግ ደም መጣጭ ዝንብ ኩስ ነው። ይህቺ ዝንብ ክንፍ የላትም። ብዙ ሰው መዥገር ይላታል፤ ነገር ግን መዥገር አይደለችም። አዋቂ መዥገር ስምንት እግር አለው፤ ነክሶ አንድ ቦታ ላይ ያብጣል። እርሷ ስድስት እግር አላት፤ ከ4 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ትረዝማለች፤ ጠፍጣፋ፣ ቡናማ፣ ጣት መሐል ብትጨመቅ የማትፈርጥ ጠንካራ ናት። ፀጉሩ ሲገለጥ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን ሸርተት ብላ ጥቅጥቁ ውስጥ ትገባለች። እንቁላል አትጥልም፤ አንድ እጭ በሆዷ አሳድጋ ትወልድና ፀጉሩ ላይ ታጣብቃታለች። እጯ በሰዓታት ውስጥ ትጠነክራለች፤ ተልባ ፍሬ የምታክል፣ ቀይ ቡናማ፣ ድቡልቡል ሙሽሬ ትሆናለች። በጣት ስትጎትቷት ከፀጉሩ ጋር ነው የምትመጣው። ይህቺን ተልባ መሳይ ፍሬ ካገኛችሁ ሌላ ማስረጃ አያሻም።

አብሯት ብዙ ጊዜ ቅማል አለ። የበግ ቅማል ከ2 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ሰውነቱ ሐመር፣ ራሱ ቀላ ያለ ነው። ደም አይመጥም፤ የቆዳ ቅርፊት ይበላል። በጉ በአጥር ይታከካል፣ ፀጉሩን በጥርሱ ይነጫል፤ ዘለላው ተንጨባርሮ ይንጠለጠላል። ሁለቱም የሚበረቱት ፀጉሩ ረዝሞ፣ ብርዱ በርትቶ፣ መኖው ሲያልቅ ነው። ጉዳታቸው ቆዳው ውስጥ ይቀራል። የበጉ ሰውነት ለንክሻው ሲቆጣ በአንገት፣ በትከሻና በጎን ላይ ጥቃቅን ጉብታዎች ይፈጠራሉ። በሕይወት ሳለ ብዙም አይታዩም። ፋብሪካ ገብቶ ፀጉሩ ሲነሣ ግን ቆዳው በሙሉ ሽፍ ብሎ ይገኛል፤ ቀለም ሲነከርም አንድ ወጥ አይቀበልም። የቆዳ ፋብሪካዎች እከክ እያሉ ደረጃውን የሚጥሉበት ይህ ነው። ገዢው ለደጋው ቆዳ ዋጋ ሲቀንስ ገበሬው የሚጠይቀው ግን ሌላ ሌላውን ነው።

ሕክምናው ላይ የሚሠራው ስሕተት አንድ ዓይነት ነው። ለዚህ የሚውለው ዲያዚኖን የተባለው ባለ 60 በመቶ ተባይ ማጥፊያ ነው፤ ለርጭት ልኩ 1 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር ውሃ። ጠርሙሱ ላይ ሌላ ጥንካሬ ከተጻፈ ልኩም ሌላ ነውና መለያውን ሳታነቡ አትለኩ። በጀርባ የሚታዘል ባለ 15 ሊትር መርጫ 15 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። በክዳን ወይም በዓይን ግምት አትለኩ፤ ለዚሁ ብቻ የምታስቀምጡት ስሪንጅ ይኑራችሁ። ልኩ ትክክል ሆኖም ግን ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ምክንያቱ ውሃው ቆዳው ድረስ አለመድረሱ ነው። ፀጉሩ ያደገ አዋቂ በግ እስከ ቆዳው እንዲርስ ከ2 እስከ 3 ሊትር ይፈልጋል። ይህ ማለት አንድ መርጫ ሙሉ ለአምስት ወይም ለሰባት በግ ነው። በአንድ ሙሌት 40 በግ ተረጨ ሲባል የረጠበው የፀጉሩ ጫፍ ነው፤ ዝንቧም ቅማሉም ያሉት ከሥር ነው። ከላት ወደ አንገት፣ ከፀጉሩ አወራረድ በተቃራኒ እየገፋችሁ ርጩ፤ በሌላ እጅ በጓንት እያሻችሁ አስገቡት። ሆዱንና ጉያውን አትዝለሉ። ዓይኑንና አፉን ጠብቁ።

አንድ ጊዜ መርጨት አይበቃም። የቅማል እንቁላል በ10 ቀን ገደማ ይፈለፈላል፤ ስለዚህ በ14ኛው ቀን መድገም ልክ ነው። የዝንቧ ሙሽሬ ግን ሦስት ሳምንት፣ በብርድ ወራትም ከዚያ በላይ ትቆያለች፤ መድኃኒቱም ቅርፊቷን አልፎ አይገድላትም። ሁለት ጊዜ ረጭቶ «አልሠራም» የሚል ሰው የሚያየው ከሁለተኛው ርጭት በኋላ የወጡትን ነው። በ28ኛው ቀን አምስት በግ መርጣችሁ ግለጡ፤ የሚንቀሳቀስ ካለ ሦስተኛውን ርጩ። የመንጋው በግ ሁሉ በአንድ ቀን መረጨት አለበት፤ አብሮ የሚውለው የጎረቤትም ጭምር። ሳይረጭ የቀረ አንድ ሙክት በወር ውስጥ ሁሉን ይመልሰዋል። የጉረኖው ጉዝጓዝና የወዳደቀው ፀጉር ተጠርጎ ይቃጠል፤ ዝንቧ ከበግ ከተለየች ከሳምንት በላይ አትኖርም፤ ሙሽሬዋ ግን እዚያ ትፈለፈላለች።

ከመርጨት በፊት በጎቹ ውሃ ይጠጡ፤ የጠማው በግ የሚንጠባጠበውን ይልሳል። ለደብረ ብርሃንና ለመሐል ሜዳ ብርድ ደግሞ ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ጤዛው እንደ ደረቀ፣ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት በኋላ ጀምራችሁ እስከ እኩለ ቀን ጨርሱ። በጥቅምትና በኅዳር አመሻሽ ላይ የረጠበ በግ ውርጭ ይዞት ያድራል፤ በማግስቱ የሚያስለው ከመድኃኒቱ አይደለም። የሚጠቡ ጨቅላ ግልገሎችን ባለሙያ ሳታማክሩ አትርጩ። የአረም መድኃኒት የተረጨበትን መርጫ ለበግ አትጠቀሙ፤ ታጥቧል ቢባልም። የተረፈው ወደ በሬሳ ወንዝም ሆነ ወደ ማንኛውም ጅረት አይደፋ፤ ንብ ቀፎ ባለበት ግቢም አይረጭ። ተረጭቶ ልጋጉ የሚንጠባጠብ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ የዓይኑ ብሌን የጠበበ በግ ተመርዟልና በንጹሕ ውሃ እያጠባችሁ ለባለሙያ ላኩ፤ ማርከሻው አትሮፒን ነው። ሰውም እንዲሁ ነው፤ የሚረጨው ሰው ጓንት፣ ቦቲና እጅጌ ረጅም ልብስ ይልበስ።

መቀስ ከመድኃኒት ያላነሰ ይረዳል። በግ ሲሸለት አብዛኛዋ ዝንብና ሙሽሬ ከፀጉሩ ጋር ትሄዳለች፤ የቀረችውን ፀሐይና ደረቅ አየር ያጠፋታል። ከሸለቱ በኋላ ሲረጭ ደግሞ ውሃው በግማሽ ይበቃል። በውርጭ ወራት ግን አትሸልቱ፤ ከጥር መጨረሻ በኋላ ብርዱ ሲሰበር ይሻላል።

የክረምቱ ቀለም ሌላ ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ጀርባው ለቀናት ሳይደርቅ ሲቀር ነጭ ፀጉር ሥሩ አካባቢ ቢጫ ይሆናል፤ አንዳንዱ ላይ አረንጓዴ ቀለበት ይታያል። አረንጓዴውን የሚሠራው እርጥበት የሚወድ ባክቴሪያ ነው። ሽታው ዝንብ ይጠራል፤ ዝንብ ከመጣ ትል ይመጣል። ከዚያ የከፋው ደግሞ የፀጉር ዘለላዎች በግራጫ ቢጫ ቅርፊት ተያይዘው ጫፋቸው የሾለ ክምር ሲሠሩ ነው። ቅርፊቱን ብታነሡት ከሥሩ እርጥብ፣ ቀይ ሮዝ ቆዳ አለ። ብዙ ጊዜ ብዙም አያሳክከውም፤ ከእከክ የሚለየውም አንዱ ይህ ነው። ይህንንም ባክቴሪያ ነው የሚያመጣው፤ አይቨርሜክቲን አይነካውም። መርጨት ደግሞ ያባብሰዋል፤ ምክንያቱም በጉን እንደገና አርጥቦ፣ እርጥብ በጎችን አጨናንቆ ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራል። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ደረቅ ጣሪያና ደረቅ ጉዝጓዝ ነው። ቅርፊቱ ከሰፋ ባለሙያው የሚያዝዘው ረጅም ጊዜ የሚሠራው ባለ 20 በመቶ ኦክሲቴትራሳይክሊን ነው፦ 1 ሚሊ ሊትር ለ10 ኪሎ፣ ጡንቻ ውስጥ ጠለቅ ተደርጎ። የ25 ኪሎ በግ 2.5 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። የታመመውን በግ የሸለተ መቀስ ሳይጸዳ ሌላውን አይንካ።

እውነተኛው እከክ፣ ማለትም ዓይን የማያየው የቆዳ ነፍሳት የሚያመጣው፣ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ፀጉር ከሌለበት ነው፦ ከንፈር፣ አፍንጫ ዙሪያ፣ ዓይን ሥር፣ ጆሮ፣ ከዚያም እግር። ቆዳው ይወፍራል፣ ይሸበሸባል፣ በግራጫ ነጭ ቅርፊት ይሸፈናል፤ በጉ ማታ ማታ እንኳ ማከኩን አይተውም። መርፌው የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ባለ 1 በመቶ አይቨርሜክቲን 1 ሚሊ ሊትር ለ50 ኪሎ ነው፤ ከቆዳ ሥር እንጂ ጡንቻ ውስጥ አይወጋም። የእኛ ደጋ በግ ትንሽ ነው፤ 25 ኪሎ የምትመዝን እናት በግ የሚገባት ግማሽ ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። «ይጠንክርባት» ተብሎ 2 ሚሊ ሊትር ሲወጋ አራት እጥፍ ተሰጣት ማለት ነው። እንቁላሉን ስለማይገድል ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይደገማል። ቅርፊት በሚበላው ቅማል ላይ ግን በመርፌ የተሰጠው እምብዛም አይሠራም። ፀጉር ባለበት ጀርባና ጎን ላይ የሚወጣ፣ ጠርዙ እርጥብ ሆኖ ቶሎ ቶሎ የሚሰፋ ሌላ የእከክ ዓይነት አለ፤ እርሱ በ7 ቀን ልዩነት ሁለት መርፌ ይፈልጋል። ለፋሲካ ወይም ለመስቀል ሊታረድ የታሰበ በግ ከሆነ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የመታቀቢያ ቀን ቆጥራችሁ ነው የምትወጉት።

ጭርት በግ ላይ ብዙ አይደለም። ከጥጃ ይጋባል፤ ፊት ላይ ክብ፣ ግራጫ፣ ጠርዙ የለየ ቅርፊት ነው፤ ቲንክቸር አዮዲን ይቀባል። ሰውም ይይዛል።

ፊት ላይ ግልገሎችን በጅምላ የሚይዝ ሌላ በሽታ አለ። ከንፈር ላይ በቀይ ነጥብ ይጀምርና ውሃ ይቋጥራል፣ ከዚያ ጥቁር ቡናማ ቅርፊት ይሆናል፤ እሾህ የበላ ይመስላል። ከግልገሉ ወደ እናቱ ጡት ይሻገራል፤ እርሷም ስለሚያማት አታጠባም። ቫይረስ ነው። የትኛውም መርፌ አያድነውም፤ በሦስት አራት ሳምንት ራሱ ይለቃል። ቅርፊቱን አትንቀሉ፤ የተነቀለው መሬት ላይ ደርቆ ለረጅም ጊዜ ይበክላል፤ የነቀለው ሰው ጣትም ያው ቁስል ይወጣበታል። ለስላሳ መኖ መስጠት፣ መጥባት ላቃተው ማለብ፣ ቁስሉ ካመረቀዘ ብቻ አንቲባዮቲክ።

የበግ ፈንጣጣ ግን እንዲህ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ቀዩ ነቁጥ መጀመሪያ የሚወጣው በላቱ ሥር፣ በብብት፣ በብሽሽትና በጡት ላይ ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ወደ ጠንካራ ጉብታ ይለወጣል። ከዚህ ጋር ትኩሳት፣ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ከባድ ትንፋሽ አለ። በነጭ ቆዳ ላይ ቀዩ ይታያል፤ በጥቁር ላይ አይታይምና በጣት ነው የሚፈለገው። እንዲህ ያለ በግ ገበያ አይወጣም፣ ከመንጋ ይለያል፣ በዚያው ቀን ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገራል። ክትባቱ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል፤ የሚጠቅመው ግን በሽታው ሳይገባ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚገርመው ለውጥ ላይ ደረስን። ቡራቡሬ በግ ናት። በመስከረምና በጥቅምት ፀሐይ ስትወጣ ጆሮዋ ያብጥና ወደ ታች ይወድቃል፤ የዓይኗ ቆብና አፍንጫዋ ይቀላል፤ ጥላ ጥላ ትፈልጋለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች። በሳምንቱ ቆዳው እንደ ደረቀ ጠፍር ይጠነክርና ጠርዙ እየተነሣ ይላጣል። አጠገቧ ቆማችሁ ፊቷን ብትመለከቱ ግን ቁስሉ ነጩ ላይ ብቻ ነው። ጥቁሩ ሲጀምር ቁስሉ በመስመር የተሰመረ ያህል ያቆማል። ከንፈሯ ግማሹ ጥቁር ከሆነ ግማሹ ጤነኛ ነው። ይህን የመሰለ ጠርዝ እከክም፣ ፈንጣጣም፣ ጭርትም አይሠራም፤ ተባይ ጥቁርና ነጭ አይመርጥም። ቀለም የሌለውን ቆዳ መርጦ የሚያቃጥለው ፀሐይ ነው።

ፀሐይ ብቻውን ግን እንዲህ አያደርግም። በጉ የበላው ለምለም ሣር አረንጓዴ ቀለሙ ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ብርሃን የሚስብ ቅመም ይወጣዋል። ጤነኛ ጉበት ያን ቅመም ከሐሞት ጋር ያስወጣዋል። የታመመ ጉበት ግን ወደ ደም ይለቀዋል፤ ቅመሙ ቆዳ ሥር ደርሶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ስለዚህ ጥያቄው ጉበቱን ምን ነካው ነው። ጉበት የሚጎዳ ተክል በልቶ ሊሆን ይችላል፤ የወፍ ቆሎ አንዱ ነው። ጨፌ በበዛባቸው የባሶና ወራና፣ የአንጎለላና የሞረትና ጅሩ መስኮች ደግሞ የጉበት ትል አለ፤ ትንሿ ቀንድ አውጣ በረግረጉ ዳር ታሳድገዋለች። በጉ ክረምቱ ሲወጣ ጨፌ ዳር ሲግጥ ይውጠዋል።

ለዚህች በግ መጀመሪያ የሚደረገው ጨለማ ጉረኖ ማስገባት ነው፤ ዛፍ ሥር ማቆም አይበቃም። ለምለም ሣሩን አቁማችሁ ደረቅ ድርቆሽና ንጹሕ ውሃ ስጡ። ጠዋት ማታ ብቻ ትውጣ። የተላጠው ላይ ዝንብ እንዳያርፍ ቁስሉ በጨው ውሃ ይታጠብና ቅባት ይቀባ። የትሉ መድኃኒት ምርጫ ደግሞ በወቅቱ ይወሰናል። አልቤንዳዞል የሚገድለው ጉበት ውስጥ ጎልምሶ የተቀመጠውን ነው፤ ገና ጉበቱን እየበሳ ባለው ጨቅላ ትል ላይ አይሠራም። በጥቅምትና በኅዳር በጉን የሚገድለው ያ ጨቅላው ነውና ያኔ የሚፈለገው ትራይክላቤንዳዞል ነው፤ 10 ሚሊ ግራም ለአንድ ኪሎ። በአዋቂው ላይ አልቤንዳዞል ከተሰጠ ለጉበት ትል ልኩ 7.5 ሚሊ ግራም ለአንድ ኪሎ ነው፤ ለሆድ ትል ከሚሰጠው 5 ይበልጣል። ብዙ ቦታ የሚሰጠው ትንሹ ልክ ነው፤ ያም ለጉበት ትል አይበቃም። አውራ አብሯቸው ያለ ወይም ከተለያቸው አንድ ወር ያልሞላቸውን እናት በጎች አልቤንዳዞል አታጠጡ፤ ፅንሱን ያበላሻል።

መጨረሻው የዓይኑ ቆብ ነው፤ ደቂቃ አይፈጅም። በአንድ አውራ ጣት የላይኛውን ቆብ ወደ ታች በቀስታ ተጫኑ፣ በሌላው የታችኛውን ሳቡ፤ ውስጡ ይገለበጣል። ቀይ ሮዝ ጤና ነው። እንደ ወረቀት ከነጣ ደሙ አልቋል፤ በደጋው የጉበት ትል፣ ወደ ሸዋ ሮቢትና ቀወት ሲወረድ ደግሞ ጨጓራ ውስጥ ደም የሚመጥ ትል ቀዳሚ ተጠርጣሪ ነው። ከመንጋጋ ሥር ለስላሳ ውሃ ቋጥሮ ከተገኘ ቆይቷል ማለት ነው። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ከሆነ ጉበቱን ወይም መዳቡን አስቡ፤ ሽንቱንም ጠብቃችሁ ቀለሙን እዩ። ይህን በጥላ ሥር እንጂ በማታ መብራት አትዩት፤ የባትሪ ብርሃን ነጩን ቢጫ ያደርገዋል።

ወደ እንስሳት ጤና ኬላ ስትሄዱ በጉን ይዞ መሄድ ባይቻል እንኳ ባዶ እጅ አትሂዱ። ለእከክ የሚጠቅመው የቁስሉ መሐል ቅርፊት አይደለም፤ ነፍሳቱ ያሉት ጤነኛውና የታመመው ቆዳ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ነው። እዚያ ላይ ጠብታ ዘይት አድርጋችሁ ደም እስኪያዥ ድረስ በምላጭ ጀርባ ፋቁና ክዳን ባለው ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ አስገቡት። ምላጩን እሳት ውስጥ ጣሉት፤ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ተባይ ካገኛችሁ ሦስት አራቱን አልኮል ባለበት ሌላ ጠርሙስ ያዙ። ፎቶ በስልክ ስታነሡ በጉን ጥላ ውስጥ አቁሙት፤ አንድ ከሩቅ ሙሉ አካሉን፣ አንድ ከቅርብ ቁስሉን ከጣታችሁ ጎን፣ አንድ ደግሞ ፀጉሩ ተገልጦ ሥሩና ቆዳው አብረው የሚታዩበትን። ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ሦስተኛውን ነው።